ዝምታው ልጆቻችንን አልጠበቀም

በዳላስና በፎርት ዎርዝ ዙሪያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ አቋም አለ። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ልጅ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትዋጥ፣ ትምህርቷን ትማር፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ይኑራት፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ ግንኙነት፣ ስለ እርግዝና ግን ማንም አያንሣባት፤ ጊዜው ሲደርስ ይነገራታል የሚል ነው። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። አብዛኞቹ ልጃቸውን ከሞት አፋፍ የመለሱ እናቶች፣ የሟች እኅታቸውን ልጅ እንደ ራሳቸው ልጅ ያሳደጉ አክስቶች ናቸው። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። አባባሉ ለሐሜተኛና ለነገረኛ ሲሆን እውነት አለው። ለዚህ ጉዳይ ግን አባቶች ሌላ ቃል ትተውልናል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ክርክሬ አጭር ነው። በቴክሳስ የሚኖር ወላጅ ዝም ሲል ከውሳኔ የተቆጠበ ይመስለዋል። አልተቆጠበም። የዚህ ግዛት ሕግ ዋናውን ቁልፍ በወላጅ እጅ ስላስቀመጠ የወላጅ ዝምታ ራሱ ውሳኔ ሆኗል፤ እሱም ልጅቷን የሚጎዳ ውሳኔ።

ስለ የትኞቹ ልጆች ነው የምናወራው? በአብዛኛው ቫይረሱን ከእናታቸው ስለ ወረሱት። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፈው የክሊኒኩም የፍርድ ቤቱም ወረቀት በዚያ ስለሚጻፍ ነው።) በአሜሪካ በ1994 ይፋ የሆነ ጥናት ዚዶቩዲን የተባለውን መድኃኒት ለነፍሰ ጡሯና ለአራስ ልጇ በመስጠት ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ከ25 ከመቶ ገደማ ወደ 8 ከመቶ ገደማ ማውረድ እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ የእናቲቱ ቫይረስ በሕክምና በደንብ ከታፈነ ከ1 ከመቶም በታች ነው። በኢትዮጵያ ግን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው፤ በዚያን ጊዜና ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት የወለዱ ብዙ እናቶች መከላከያው አልደረሳቸውም። ሕክምና ካላገኙ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። እንግዲህ ዛሬ በጋርላንድና በሪቻርድሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተቀመጡት ልጆቻችን ከዚያ የተረፉት ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። እስከ ጥር 4 ቀን 2010 ድረስ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በስተቀር ወደ አሜሪካ መግባት አይችልም ነበር። ያ ክልከላ ሲነሣ በዲቪም፣ በቤተሰብ ማገናኘትም ቤተሰብ ሙሉ ሆኖ መምጣት ተቻለ። ክልከላው የተነሣው ከወረቀት ላይ ነው፤ በእናቶች ልብ ውስጥ የተከለው ፍርሃት ግን ገና አልተነቀለም። ቪዛ ለማግኘት የተደበቀ ነገር፣ ቪዛው ከተገኘ በኋላም ተደብቆ ቀረ።

መደበቁ የሚጀምረው ከልጁ ከራሱ ነው። እንክብሉ «የደም ማነስ» ነው፣ «የአስም» ነው፣ «የቫይታሚን» ነው ይባላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ለትምህርት የደረሰ ልጅ ሕመሙን እንዲያውቅ እንዲደረግ የመከረው በ1999 ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 መመሪያው ይህንኑ አጽንቷል። ሆኖም 14 እና 15 ዓመት ሞልቶት የሚውጠውን የማያውቅ ልጅ በየቤቱ አለ። አንዳንዱ የመድኃኒቱን ስም ከጠርሙሱ ላይ አንብቦ ስልኩ ላይ ይፈልገዋል። እውነቱን ከእናቱ መስማት የነበረበት ልጅ ከጉግል ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ እናቱ የምትነግረውን ሌላ ነገር ለምን ያምናል?

የዝምታው ደጋፊዎች የመጀመሪያ መከራከሪያ «ካልተነገራት አታስበውም» የሚል ነው። ይህን ክርክር ለማፍረስ ጥናት አያስፈልግም፤ የራሳችንን 16ኛ ዓመት ማስታወስ ይበቃል። እኛን ማን ነግሮን ነበር? ይልቅ የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። ዝምታው ልጆቹን የሚከለክላቸው ክፉውን ወሬ ብቻ አይደለም፤ የምሥራቹንም ነው።

የምሥራቹ ይኸውና። በአውሮፓ የተካሄደውና በ2016 የታተመው ፓርትነር የተባለ ጥናት አንደኛው ወገን ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላኛው የሌለበት 888 ጥንዶችን ተከታተለ። ቫይረሱ ያለባቸው መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፣ የቫይረሱም መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ወርዷል። ጥንዶቹ 58,000 ጊዜ ያህል ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርገዋል። ከታከመው ወገን ወደ አጋሩ የተላለፈ ቫይረስ አንድም አልተገኘም። ኮንዶም ለሌላው የአባላዘር በሽታ ዛሬም ያስፈልጋል፤ ነገር ግን የ17 ዓመቱ ልጅ በሌሊት ሲያስበው የሚያድረው «የምወዳትን ሴት እገድላታለሁ» የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ መድኃኒቱን እስከ ወሰደ ድረስ። ማግባት ይችላል። መውለድም ይችላል። ልጁም ቫይረሱ ሳይኖርበት ይወለዳል። የአሜሪካ የሕክምና መመሪያ ከ2023 ጀምሮ፣ ቫይረሷ የታፈነላት እናት ጡት ማጥባት ብትፈልግ አደጋው ከ1 ከመቶ በታች ቢሆንም ዜሮ እንዳልሆነ ተነግሯት፣ ከሐኪሟ ጋር ተማክራ እንድትወስን ይፈቅዳል።

ይህን ሁሉ ልጁ አያውቅም። የሚያውቀው ከልጅነቱ ጀምሮ በቤት ውስጥ የሰማውን ዝምታ ነው፤ ዝምታውንም በራሱ ተርጉሞ «እኔ ቤተሰብ አይኖረኝም» ብሎ ደምድሟል። እንዲህ የደመደመ ልጅ መድኃኒቱን ለምን ይዋጥ? ወላጆች «እንክብሉን መዋጥ ለምን ተወ?» ብለው ሲጨነቁ አያለሁ። የሚኖርለት ነገር ስላልተነገረው ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ሐኪሙ ያውቃል፣ እኛ ምን አገባን» የሚል ነው። ሐኪሙ የሚያውቀው ሲነገረው ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒትና የእርግዝና መከላከያ እርስ በርስ ይነካካሉ። በኢትዮጵያ ለዓመታት በዋናው መድኃኒት ውስጥ የነበረው ኢፋቪሬንዝ በክንድ ቆዳ ሥር ከሚቀበረው መከላከያ የሚወጣውን ሆርሞን በደም ውስጥ ይቀንሰዋል፤ ተጠቅሜያለሁ ብላ የተማመነች ሴት ልታረግዝ ትችላለች። ሉፕ ግን እንዲህ ያለ ችግር የለበትም። አሁን በስፋት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪርም ከነዚህ መከላከያዎች ጋር አይጣላም፤ የራሱ ጠባይ ግን አለው፤ ከብረትና ከካልሲየም እንክብል ጋር በባዶ ሆድ አብሮ ከተዋጠ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ መጀመሪያ የሚታዘዝላት ብረት ነው። እርግዝናዋን ከኤች አይ ቪ ሐኪሟ የምትደብቅ፣ ኤች አይ ቪዋን ደግሞ ከማኅፀን ሐኪሟ የምትደብቅ ልጅ ይህን ማን ይነግራታል?

የዶሉቴግራቪር ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። በ2018 ከቦትስዋና የመጣ ቅድመ ሪፖርት መድኃኒቱ በፅንስ አከርካሪና ጭንቅላት ላይ ጉድለት ያመጣ ይሆናል የሚል ሥጋት አስነሣ። በብዙ አገሮች ወጣት ሴቶች ከሚሻለው መድኃኒት ተነፍገው በአሮጌው እንዲቆዩ ተደረገ። መረጃው ሲበዛ ሥጋቱ እንደ ታሰበው እንዳልሆነ ታወቀ፤ በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ዶሉቴግራቪርን ለሁሉም ተመራጭ አደረገው። በመካከሉ ግን ስንቷ ሴት ማርገዝ ትፈልግ እንደሆነ፣ መከላከያ ትጠቀም እንደሆነ ሳትጠየቅ ቀረች! ጥያቄው ቀላል ነበር። ጠያቂው ግን አፈረ።

ስለ ማኅፀን በር ካንሰርም ልበል። ኤች አይ ቪ ያለባት ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ ስድስት እጥፍ ያህል ነው። መከላከያው ክትባት አለ፤ ቫይረሱ ላለባቸው ልጆች በማንኛውም ዕድሜ ቢጀምሩት ሦስት ጊዜ ይሰጣል። በቴክሳስ ለአካለ መጠን ላልደረሰች ልጅ ክትባቱ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይሰጥም። በ2007 የግዛቱ አገረ ገዥ የነበሩት ሪክ ፔሪ ስድስተኛ ክፍል ለሚገቡ ሴቶች ግዴታ እንዲሆን ትእዛዝ አውጥተው ነበር፤ ምክር ቤቱ በወራት ውስጥ ሻረው። የእኛ ሰዎች ወረቀቱ ሲመጣላቸው «ልጄ እንዲያ ዓይነት አይደለችም» ብለው ይመልሱታል። ካንሰሩ ግን የሴትን ዓይነት አይጠይቅም። ይኸው ክትባት ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ በኢትዮጵያ ለልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ ይሰጣል። የአጎቷ ልጅ ደሴ ላይ ተከትባ፣ የዳላሷ ሳትከተብ ትቀራለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ሕጉ። የቴክሳስ የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 32.003 ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ራሱ ፈቅዶ ሊታከም የሚችልባቸውን ጉዳዮች ይዘረዝራል። ለጤና ባለሥልጣን ሪፖርት የሚደረግ ተላላፊ በሽታ አንዱ ነው፤ ኤች አይ ቪ በዚያ ውስጥ ይገባል። ያላገባች ነፍሰ ጡር ልጅ ከውርጃ በቀር ለእርግዝናዋ ክትትል ራሷ መፍቀድ ትችላለች። የወለደችና ልጇን የያዘች ታዳጊም ለልጇ ሕክምና ትፈርማለች። የእርግዝና መከላከያ ግን በዝርዝሩ የለም። ሕጉ እንግዲህ የ16 ዓመቷን ልጅ እንዲህ ይላታል፤ ለኤች አይ ቪ መድኃኒትሽ ትልቅ ሰው ነሽ፤ ካረገዝሽ ለክትትልሽ ትልቅ ሰው ነሽ፤ ከወለድሽ ለልጅሽ ክትባት ትልቅ ሰው ነሽ፤ እንዳታረግዢ ለመከላከል ግን ገና ሕፃን ነሽ።

ቀደም ሲል አንድ መውጫ ነበር። ከ1970 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚደገፉት የታይትል ቴን ክሊኒኮች ለታዳጊዎች በምሥጢር መከላከያ ይሰጡ ነበር፤ በቴክሳስም ጭምር። አንድ የሴት ልጆች አባት ይህ የወላጅነት መብቴን ይነካል ብሎ ከሰሰ። ልጆቹ ወደ ክሊኒኩ ሄደው ነበር አላለም፤ ሊሄዱ መቻላቸው በቃው። በታኅሣሥ 2022 የአማሪሎው የፌዴራል ዳኛ ማቲው ካዝማሪክ ፈረዱለት። በመጋቢት 2024 የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፍርዱን ዋና ነገር አጸናው። መውጫው ተዘጋ።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን በሮች አብረን እንቁጠራቸው። ትምህርት ቤት? የግዛቱ ሕግ ስለ ጾታ ግንኙነት ሲያስተምር ከጋብቻ በፊት መታቀብን ከሁሉ አስበልጦ እንዲያስተምር ያዘዋል፤ በ2021 ደግሞ ወላጅ በጽሑፍ ካልፈቀደ ልጁ ያንን ትምህርት እንኳ እንዳይማር የሚል ሕግ ወጣ። ኢንሹራንስ? ቺፕ የተባለው የልጆች ኢንሹራንስ በቴክሳስ እርግዝናን ለመከላከል ብቻ ለሚታዘዝ መድኃኒት አይከፍልም። የሐኪም ምሥጢር? ያው 32.003 ሐኪሙ ልጁ ባይስማማም እንኳ ስለ ሕክምናው ለወላጅ ሊነግር እንደሚችል ይደነግጋል፤ ይህን የሰማ ልጅ አፉን ይዘጋል። ውርጃ? ከ2022 ጀምሮ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ዋና የአካል ክፍሏ ከባድ አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር ክልክል ነው፤ ተደፍራም ቢሆን። አንድ የቀረ በር ቢኖር የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ነው። በ2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኦፒል የተባለውን በየቀኑ የሚዋጥ መከላከያ ያለ ሐኪም ማዘዣ፣ ያለ ዕድሜ ገደብ እንዲሸጥ ፈቀደ። ገንዘብ ያላት ልጅ ገብታ ትገዛዋለች። ከኤች አይ ቪ መድኃኒቷ ጋር ይስማማ እንደሆነ የሚነግራት ግን ገንዘብ ተቀባዩ አይደለም። እንግዲህ «ዝም ብንል አትጀምርም» ያላችሁ ወላጆች፣ ዝምታችሁ ያደረሳት እዚያ መደርደሪያ ፊት ነው።

ተቃዋሚዎቼ የሚያነሡት ብርቱ ክርክር አለ፤ እሱን ሸሽቼ ማለፍ አልፈልግም። «ልጄን ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ አንድ የማላውቀው ነርስ በልጄ ገላ ላይ ሲወስን እኔ ለምን አልሰማም?» ይላሉ። እኔም ወላጅ ነኝና ስሜቱ ይገባኛል። በጎ ወላጅ ከልጁ ሐኪም የሚሻልበት ነገር አለ፤ ፍቅሩ የዕድሜ ልክ ነው። ነገር ግን ያን አባት የደገፈው ፍርድ በጎውን ወላጅ ከክፉው አይለይም። ልጁን ቁጭ አድርጎ የሚያነጋግረውንም፣ እውነቱን ስትነግረው ከቤት የሚያባርራትንም እኩል ያስፈርማል። ወላጅ የሌላትስ? ከእኛ መካከል ብዙ ልጆች እናት አባታቸውን በዚሁ በሽታ አጥተው በአክስትና በአጎት ቤት ያደጉ ናቸው። የቴክሳስ ሕግ ወላጅ ሊገኝ ካልቻለ አያት፣ ለአካለ መጠን የደረሰ እኅት ወይም ወንድም፣ አክስት ወይም አጎት እንዲፈቅዱ መንገድ ይሰጣል፤ ብዙ አሳዳጊዎች ግን ይህን አያውቁም፣ «እኔ ወላጅ አይደለሁም» ብለው ወረቀቱን ይሸሹታል። የወላጅ መብት የምንለው ነገር ወላጅ ሥራውን ሲሠራበት ያምራል። ሥልጣኑን ይዞ ሥራውን የተወ ሰው መብቱን ቢጠይቅ ትዝብት ነው።

ሌላው ክርክር ባህል ነው። «እኛ ኢትዮጵያውያን ነን፤ ይህ የፈረንጅ ነገር ነው።» የትኛዋ ኢትዮጵያ? በኢትዮጵያ ያገቡ ሴቶች የእርግዝና መከላከያ አጠቃቀም በ2000 ከነበረበት 8 ከመቶ በ2019 ወደ 41 ከመቶ ከፍ ብሏል። ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ በየቀበሌው ጤና ኬላ ይቀብራሉ። የአገሪቱ የቤተሰብ ዕቅድ መመሪያ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ ያገባም ያላገባም፣ አገልግሎቱን ያገኛል ይላል፤ በተግባር ያላገባችዋን የሚገላምጥ ባለሙያ አይጠፋም፣ ግን መመሪያው እንዲህ ነው። ዳላስ ላይ «ባህላችን» እያልን የምንጠብቀው ከሃያ ዓመት በፊት በቦሌ ስንወጣ ጥለነው የመጣነውን ነው። አገሩ ቀጥሏል፤ እኛ እዚያው ቆመናል።

ሃይማኖቱንም ቢሆን በቅጡ እናስታውስ። በእንጦጦ ማርያም ጠበል መድኃኒታቸውን ጥለው የገቡ ስንት ነበሩ! ያን ጊዜም «መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጣት ነው» የሚል አቋም ሥር ሰዶ ነበር፤ ብዙ ሰውም ቀብረንበታል። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ ነገሩ ተለወጠ። ቤተ ክርስቲያን ቃል ስትሰጥ ሰው እንደሚሰማ ያን ጊዜ አይተናል። እዚህ በዳላስ ዙሪያ ያሉት ካህናትና መጋቢዎች ስለ ታዳጊዎቹ አንድ ቃል ቢናገሩ ከመቶ የክሊኒክ በራሪ ወረቀት ይበልጣል። ንጽሕናን ከማስተማር ይቆጠቡ አላልኩም፤ ያስተምሩ። ንጽሕናን የሚያስተምር አባት ስለ ሰውነት እውነቱን መናገር አያቅተውም።

ሐሜቱን ግን ማንም ሊክደው አይችልም። ከአውዴሊያ እስከ ፎረስት ሌን፣ ከቪከሪ ሜዶው እስከ ጋርላንድ ሁላችንም እንተዋወቃለን። ክሊኒኩ በስልክ የሚያገናኘው አስተርጓሚ በእሑድ ቅዳሴ አጠገብሽ የሚቆም ሰው ሊሆን ይችላል። ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ መልሱ ግን ዝምታ አይደለም። አስተርጓሚው ከሌላ ግዛት እንዲሆን መጠየቅ ይቻላል፤ ስም ሳይጠሩ ማስተርጎም ይቻላል። የማይቻለው፣ በፌዴራል ደንብም ከድንገተኛ አደጋ በቀር የተከለከለው፣ ልጁን ራሱን ለእናቱ አስተርጓሚ ማድረግ ነው። ይህ ግን በየሳምንቱ ይደረጋል። የ13 ዓመት ልጅ የራሷን የምርመራ ውጤት ለእናቷ ስታስተረጉም አስቡት፤ ምን ብላ ትጠይቅ? «ሐኪሙ የወንድ ጓደኛ አለሽ ወይ ይላል» ብላ?

የክሊኒኮቹን አቋምም አልተወውም፤ እሱም የሚነቀፍ ነው። ዳላስ ካውንቲና ታራንት ካውንቲ በ2019 የፌዴራሉ መንግሥት ኤች አይ ቪን ለመግታት ቅድሚያ ከሰጣቸው 48 ካውንቲዎች መካከል ናቸው። ዕቅዱ አራት ምሰሶ አለው፤ መርምር፣ አክም፣ ተከላከል፣ ለወረርሽኝ ምላሽ ስጥ። በአራቱ ውስጥ «ልጅ ስለ መውለድ ጠይቅ» የሚል የለም። ስለዚህ ብዙ ሐኪም የቫይረሱን መጠን ወረቀቱ ላይ አይቶ፣ «በጣም ጥሩ ነሽ» ብሎ፣ የሦስት ወር ቀጠሮ ሰጥቶ ይሸኛል። ቁጥሩ ጥሩ ነው። ልጅቷ ግን ጥሩ ትሁን አትሁን አልተጠየቀችም። ወላጅ በሐኪሙ፣ ሐኪሙ በወላጅ እየተማመኑ በመካከል የምትቀረው እሷ ናት።

ዝምታው በፍርድ ቤትም ዋጋ አለው። ቴክሳስ ኤች አይ ቪን ለይቶ የሚቀጣውን ሕጓን በ1994 ሰርዛለች፤ ዐቃቤ ሕግ ግን የከባድ ድብደባንና መሰል ሕጎችን ይጠቀማል። በ2008 የዳላስ ዳኞች ፖሊስ ላይ የተፋ አንድ ቫይረሱ ያለበት ሰው 35 ዓመት ፈርደውበታል፤ ምራቅ ኤች አይ ቪ እንደማያስተላልፍ እየታወቀ። በ2009 በኮሊን ካውንቲ አንድ ሰው ስድስት ሴቶችን አውቆ ለቫይረሱ አጋልጧል ተብሎ 45 ዓመት ተፈረደበት። በዚህ ግዛት 18 ዓመት የሚሞላው ልጅ ስለ ራሱ ሕመም፣ ስለ መከላከያው፣ ለአጋሩ እንዴት እንደሚነግር ምንም ሳይማር ከቤት ከወጣ በምን አስታጠቅነው እንላለን?

በእጃችን ያለው ቀላል አይደለም። በዳላስ ፓርክላንድና ፕሪዝም ኸልዝ ኖርዝ ቴክሳስ፣ በፎርት ዎርዝ ጄፒኤስ የኤች አይ ቪ ሕክምና ይሰጣሉ። በ1990 የወጣው የራያን ዋይት ሕግ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ኢንሹራንስ ለሌላቸው ሰዎች የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል፤ ሕጉ የተሰየመውም በዚያው ዓመት በ18 ዓመቱ በሞተ፣ ከትምህርት ቤት በተባረረ አንድ የኢንዲያና ልጅ ስም ነው። እሱ በሕይወት የሚያኖረው መድኃኒት አልነበረውም። የእኛዎቹ አላቸው።

ስለዚህ ለወላጅ፣ ለአክስት፣ ለአጎት አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ «ልጅሽን ለብቻዋ ላነጋግራት» ሲል አትቆጡ፤ ተነሥታችሁ ውጡ። ካልጠየቀም እናንተው ጠይቁት፤ ለብቻ አነጋግርልኝ፣ ስለ መከላከያውም፣ ስለ ክትባቱም፣ አንድ ቀን ልጅ ስለ መውለዷም ንገራት በሉት። ከክፍሉ ስትወጣ ምን ተባባላችሁ ብላችሁ አትመርምሯት። የፈቃድ ወረቀቱን ሲሰጧችሁም ፈርሙ። በቴክሳስ ከእናንተ በቀር የሚፈርምላት የለም።